ከጎረቤቴ የተማርኩት የደሴት ቃል

ጥያቄውን ያነሳችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የዚያን ቀን ስለ ሐይቅ የሚያወራ ምንባብ እያነበብን ነበርና በእንግሊዝኛ ደሴት ማለት የሆነውን «አይላንድ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መሐል ላይ ያለችው ኤስ ካልተነበበች ምን ትሠራለች?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅ እያልኩ «ዝም የምትል ፊደል ናት» አልኳት። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተሰጠኝ መልስ ይኸው ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እሱማ ይታያል። ማን አስገባት ነው ያልኩት።»

«ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፍኩ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ግን ዓይኗን ላለማየት ስጠነቀቅ ነበር።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኔና ባሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከታች፣ ግራውንድ ላይ፣ አንድ ሰባ ዓመት የተጠጉ ጎረቤት አሉን። ሙያቸው የተቃጠለ የውኃ መሳቢያ ሞተር ፈትተው ሽቦውን እንደ አዲስ መጠምጠም ነው። ዓለም ጤና ከተማ ዙሪያ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች፣ ከወለንጪቲም ጭምር፣ ሞተራቸውን በባጃጅ ጭነው በራቸው ላይ ያራግፋሉ። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላሉ፤ ሥራው ግን አልቀነሰም። በሕንጻው ውስጥ ስለ እሳቸው የሚወራው ሌላው ነገር፣ በልጅነታቸው ቄስ ሊሆኑ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው እንደነበርና ሳይጨርሱ እንደወጡ ነው። ለምን እንደወጡ አንድም ሰው በደንብ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ላቲን እንደተማሩ ግን አንድ ጊዜ በጨዋታ መሐል ነግረውኝ ነበር፤ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ትዝ አለኝ።

በራቸው እንደወትሮው ክፍት ነበር። አጎንብሰው ቀጭን የመዳብ ሽቦ በእንጨት ቅርጽ ላይ እየጠመጠሙ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ዙሩን ይቆጥራሉ። እንዳላቋርጣቸው ብዬ ቆምኩ። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» አልኩና የልጅቷን ጥያቄ ነገርኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ስህተት ናት» አሉ።

«ማን፣ ተማሪዋ?»

«ኧረ ተማሪዋማ ጎበዝ ናት! ኤሷ ናት ስህተቷ።»

ሞተር ውስጥ፣ ሽቦው ብረቱን እንዳይነካ ከሚያስገቡት ጠንካራ ወረቀት ላይ አንድ ቁራጭ ቀደዱና በእርሳስ ጻፉልኝ። ሮማውያን ደሴትን «ኢንሱላ» ይሏት ነበር አሉኝ። ጣልያኖች ቃሉን ወርሰው «ኢዞላ» አደረጉት። ፈረንሳዮችም ወረሱት፤ በእነሱ አፍ ቃሉ እያጠረ ሄደ። እንግሊዞች ግን ከላቲን ያልመጣ የራሳቸው አሮጌ ቃል ነበራቸው፤ ውስጡም ኤስ የሚባል ፊደል አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ የተማሩ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ቃል ከፈረንሳዩ ጋር አስተያዩና ዘመድ መሰላቸው። «ከላቲን የመጣ ከሆነማ ኤሷ መግባት አለባት» ብለው አስገቧት።

«ሕዝቡ ግን እንደ ድሮው ማንበቡን ቀጠለ» አሉ። «ይኸው እስከ ዛሬ ፊደሏ ትጻፋለች፤ የሚያነባት የለም።»

«ኢንሱላ ራሱስ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«አይታወቅም።»

ይህን ሲሉ ምንም አላፈሩም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስል ነበር። «በባሕር ውስጥ ያለች ከሚል ነው የመጣው የሚሉ ነበሩ። ያምራል። ግን ግምት ነው። ላቲን ያስተማሩን አባ፣ ግምቱን እንደ እውነት አድርጎ ፈተና ላይ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ነበር የሚሰጡት። እኔ አንዴ አግኝቻለሁ።»

በማግስቱ ለተማሪዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ስለዚህ ትልልቅ ሰዎችም ሆሄ ይሳሳታሉ» አለች። ክፍሉ ደግሞ ሳቀ፤ በዚህኛው እሷም ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ በእሳቸው በር ሳልቆም ወደ ቤቴ አልወጣም ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ስንት ቦታ እንደዞረች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይነግሩኛል። አንድ ቀን በእርሳሳቸው ወደ ጣሪያው እያመለከቱ «ይሄ የምንኖርበት ራሱ ኢንሱላ ነው» አሉኝ። ሮም ውስጥ ድሃው ሕዝብ ተደራርቦ የሚኖርበትን ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ቤት በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ዙሪያውን መንገድ እንደ ውኃ ስለሚከበው ነው አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ይመስለኛል» ብለው ጨመሩበት። ሌላ ጊዜ የመዳቡን ሽቦ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። በላዩ ላይ እንደ ቫርኒሽ የተቀባ፣ አንዱን ዙር ከሌላው የሚለይ ስስ ሽፋን አለው፤ እሱ ከተላጠ ሞተሩ ይቃጠላል። የሽፋኑ ስም «ኢንሱሌሽን» ነው። በኮሮና ጊዜ «አይሶሌሽን» እያልን የሰጋንበት ቃልም የዚያችው ላቲን የልጅ ልጅ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያን ሽቦ ሲጠመጥሙ ቃሉን በልባቸው እየያዙ፣ የሚያካፍሉት ሰው አለማግኘታቸው ይገርመኝ ነበር። ይህን ስላቸው «ገበሬው ሞተሩን ፈልጎ እኮ ነው የመጣው» አሉኝ።

እናቴ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የምትኖረው ዝዋይ ነው፤ እዚያው ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ስትሸጥ ኖራለች። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ ክኒን ትወስዳለች፤ አንዳንዴም ትረሳለች። ያኔ የእግሯ አውራ ጣት ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላ ስለሰነበተች አዳማ አምጥቼ አስመረመርኳት። ሐኪሙ ውጤቱን አየና «ክኒኑ ከእንግዲህ አይበቃቸውም፤ ኢንሱሊን መጀመር አለባቸው» አለ።

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ግን እናቴ «አልወጋም» አለች።

ሦስት ቀን ተከራከርን። ዝዋይ ጎረቤቷ የነበረች አንዲት ሴት መርፌ በጀመረች በወሯ ሞታለች፤ እናቴ ቀብሯ ላይ ነበረች። መርፌ የጀመረ ሰው አይመለስም፤ ያለቀለት ሰው መድኃኒት ነው ትላለች። ጾሙም አለ። መርፌ የሚወጋ ሰው በሰዓቱ መብላት አለበት ተብላለች፤ እሷ ደግሞ ሰባቱንም አጽዋማት ስትጾም ነው የኖረችው። «የንስሐ አባትሽ ይፈቅዱልሻል» ስላት «እሳቸውማ ድሮ ፈቅደውልኛል፤ ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። መድኃኒቱ ፍሪጄ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። እኔ ስለምናት እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። በሦስተኛው ቀን መጮህ ጀመርኩ፤ ከዚያ አፈርኩና ወደ ታች ወረድኩ።

ጎረቤቴ ጭንቀቴን ሰሙና እጃቸውን ታጠቡ። «ልጠይቃቸው ልምጣ?» አሉኝ። ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። እናቴ ተነስታ ተቀበለቻቸው፤ ተቀመጡ። ስለ መርፌው አንድም ነገር አላነሱም። ስለ ዝዋይ፣ ስለ ሐይቁ፣ የዘንድሮ ዓሣ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። ነገሩን ያመጣችው ራሷ ናት።

«ይህቺ ልጅ ከስሳኝ ነው አይደል የመጡት?» አለቻቸው። «ስሙ ራሱ ያስፈራል። ኢንሱሊን! ሐኪሙን ምን ማለት ነው ብለው የመድኃኒቱ ስም ነው ይለኛል።»

«ደሴት ማለት ነው» አሏት።

«የምን ደሴት?»

«ቆሽት ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቀው! ይህቺ ልጅ ስታሳርረው አይደል የኖረችው!»

ሦስታችንም ሳቅን፤ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዷት። ድሮ፣ ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ አንድ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ ቆሽትን በአጉሊ መነጽር ሲያይ፣ ከሌላው ሥጋ ተለይተው እዚህም እዚያም ብቻቸውን የቆሙ ትናንሽ ክምችቶች አገኘ። ምን እንደሚሠሩ አላወቀም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው፣ ሐይቅ ላይ እንዳሉ ደሴቶች ስለመሰሉት፣ ደሴቶች አላቸው። ሌሎች ደግሞ ስኳርን የሚቆጣጠረው ነገር ከእነዚህ ደሴቶች ነው የሚወጣው ብለው ገመቱና፣ ነገሩ ራሱ ገና በማንም እጅ ሳይገባ፣ በላቲኑ ቃል ኢንሱሊን ብለው ስም አወጡለት።

«ሳይገኝ ስም ወጣለት?»

«ሳይወለድ ክርስትና እንደማንሳት ነው» አሏት።

እናቴ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «በእኔም ሆድ ውስጥ አሉ ማለት ነው?»

«አሉ እንጂ። የእርስዎዎቹ ግን ደክመዋል። ብዙ ዓመት ሠሩ፣ ደከሙ። መርፌው እነሱ ያቃታቸውን ነው የሚሠራልዎት። ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ሰውነትዎ የሚያውቀው ነው።»

እኔ አለቀ፣ ተሳካ ብዬ ነበር። እናቴ ግን ጎረቤቴን በአክብሮት ደረጃው ድረስ ሸኘቻቸውና ተመልሳ «ወሬያቸው ማር ነው፤ መርፌውን ግን አልወጋም» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው። «እትዬ፣ አንዴ ወደ ታች ቢወርዱልኝ» አሉ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጠረጴዛቸው ላይ ዳቦ፣ እንቁላልና ሻይ ቀርቧል። ጥግ ላይ በእርጥብ አሸዋ የተሞላ ገንቦ ውስጥ ሌላ ትንሽ ገንቦ ተቀምጧል፤ መብራት ሲጠፋ መድኃኒታቸውን ቀዝቅዞ እንዲቆይ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ከውስጡ ብልቃጧን አወጡ፤ በመዳፎቻቸው መሐል ቀስ አድርገው አሽከረከሯት፤ በመርፌው ሳቡ፤ ሸሚዛቸውን በአንድ በኩል ገለጥ አድርገው ሆዳቸው ላይ ወጉ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እኔ ስኳር እንዳለባቸው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ማታ ስለ ቃሉ ሲያወሩኝ፣ በየቀኑ በሰውነታቸው ውስጥ እንደሚያልፍ አንዴም አልነገሩኝም።

«ስንት ጊዜዎ ነው?» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«አሥራ አንድ?»

«ሐኪሙ የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱ ላይ ሲጽፍልኝ ሳቅሁ። ሊያዝንልኝ ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው ደነገጠ። እኔ ግን ያቺ የልጅነት ቃሌ ናት የመጣችው።»

እናቴ ስለ ሟች ጎረቤቷ ነገረቻቸው። አላቋረጧትም። ስትጨርስ «ያቺ ሴት የሞተችው በመርፌው አይመስለኝም» አሏት። «ምናልባት መርፌው ሲደርስላት ሰዓቱ አልፎ ነበር። እርስዎ ግን በሰዓቱ ነዎት።»

እናቴ ሻዩን አየች፤ ዳቦውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ውጪና አምጪው» አለችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እኔ ጋ ቆየች። ጠዋት ጠዋት ወደ ታች ትወርዳለች፤ አብረው ይወጋሉ፤ አብረው ቁርስ ይበላሉ፤ የማታውን ግን እላይ ለብቻዋ ትወጋለች። ዓይኗ ደክሞ መርፌው ላይ ያሉት ቁጥሮች አልታይ ሲሏት፣ ቀጭን ሽቦ የሚያዩበትን ማጉያ መነጽር ሰጧት። ሁለተኛ ስላላቸው አይደለም፤ ሌላ እስኪገዙ ለሁለት ሳምንት በባዶ ዓይናቸው ሲሠሩ አይቻለሁ። እናቴም በበኩሏ አልተኛችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደሴቶች ማለት የሆነውን «ደሰያት» የሚለውን የግዕዝ ቃል በጆሮዋ ይዛ መጣችና «ይሄስ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እሱን አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ካገኙ ለእኔም ይንገሩኝ» አሏት። ሦስት ደብተራ ጠይቃ ሦስት የተለያየ መልስ አመጣች። ሦስቱንም በዚያው በሞተር ወረቀት ላይ ጻፉና ከእያንዳንዱ ፊት የጥያቄ ምልክት አደረጉበት።

ቁስሏ ዳነ። ወደ ዝዋይ የምትመለስበት ሳምንት ላይ ቁርስ እየበሉ ድንገት ጠየቀቻቸው።

«ለመሆኑ ይህን ያህል ስለ ደሴት ያወቁ ሰው፣ ደሴት ረግጠዋል?»

ዳቦ የያዘ እጃቸው ቆመ። «አልረገጥኩም» አሉ።

«አንድም?»

«አዳሚ ቱሉ ድረስ ሞተር ልሠራ ስንቴ ተመላልሻለሁ። ሐይቁን ከመኪና መስኮት ነው ያየሁት። ሁልጊዜ ሥራ ነበር።»

እናቴ ነውር የሰማች ነው የመሰለችው። ቀን የቆረጠችው እዚያው ነው።

በጥር አንድ ቅዳሜ፣ እኔና እሳቸው በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ዝዋይ ደረስን። እናቴ ሐይቁ ዳር ባለ ሞተር ጀልባ ካለው ሰው ጋር ተነጋግራ፣ ምሳ ቋጥራ፣ መድኃኒቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀችን። ጉዞው ከሰዓት በላይ ወሰደ። ቱሉ ጉዶ ከሩቅ ሲታይ ውኃ ላይ የተቀመጠ ተራራ ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ ትልቁ ተራራ ማለት ነው። «አያችሁ!» አሉ ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ። «እዚህ አገር ሰው ያየው ውኃውን ሳይሆን ተራራውን ነው።»

ጀልባዋ ስትቆም እናቴ ቀድማ ወርዳ እጇን ዘረጋችላቸው። ወረዱ። ትልቅ ንግግር ያደርጋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን በእርከን የተሠራውን ማሳ እያዩ፣ በቀጭኗ መንገድ ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ዙሪያውን አንዴ ዞሩ፤ በሁሉም በኩል ውኃ ነው። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ነፋሱም ሊሆን ይችላል። ጀልባ ነጂው የደሴቶቹ ሰዎች ቋንቋ የሆነውን ዛይኛ ስለሚናገር በቋንቋው ደሴት ምን እንደሚባል ጠየቁት። ነገራቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙትና ጻፉት። በደንብ ሰምቼው እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆንኩ እዚህ አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ሞገዱን አይቶ ጀልባ ነጂው «ጋብ እስኪል እንጠብቅ» አለን። አንዲት ሴት ከደጇ ጥላ ሥር መቀመጫ አወጣችልን፤ የተጠበሰ ዓሣና ቂጣ አቀረበችልን። የማታው መርፌ ሰዓት እየቀረበ ነበር። እናቴ ጨርቋን ፈታች፤ ማጉያውን አወጣች፤ በማታውቃት ሴት ፊት፣ በጎረቤቴ ቤት እንዳየችው፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ወጋች።

ሴትዮዋ ጠጋ አለች። «ለስኳር ነው?»

«አዎ።»

«ባለቤቴን ጀምር ብለውት ነበር። ፈርቶ ቀረ። ስድስት ወሩ ነው።»

እናቴ ዓሣውን ትታ ማስረዳት ጀመረች። ቆሽቱን፣ ትናንሾቹን ደሴቶች፣ ተማሪውን፣ ሳይወለድ የወጣውን ስም፣ አንዱንም ሳትዘል። «ቃሉ ድሮ በባሕር ውስጥ ያለች ማለት ነበር» ስትል ጎረቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱ አልተረጋገጠም፣ እትዬ።»

«እሺ፣ አልተረጋገጠም» አለችና ቀጠለች። «እኔ ግን ተረጋግጫለሁ። ይኸው እግሬ።» ጫማዋን አውልቃ አውራ ጣቷን አሳየቻት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችው፤ በጣቷም ነካችው። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ባለቤቷን አስከትላ ወጣች። ዝምተኛ፣ ከሲታ ሰው ነው። ጎረቤቴ አጠገባቸው ቦታ አስለቀቁለትና ስለ መረብና ስለ ዓሣ መጠየቅ ጀመሩ። ስለ መርፌ አልነበረም ወሬው። ነፋሱ ሲበርድ ሁለቱ ገና እያወሩ ነበር፤ ጀልባ ነጂው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ነው ያስነሳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ደወለችልኝ። ሰውየው ሚስቱን ይዞ ወደ ዝዋይ ተሻግሮ መጥቷል፤ ጤና ጣቢያ የወሰደችውም እናቴ ናት። መርፌውን ጀምሯል። ገንቦና አሸዋ እንዴት እንደሚያዘጋጁም አሳይታቸዋለች። ይህን ልነግራቸው ወደ ታች ስወርድ፣ ጎረቤቴ ከዓለም ጤና የመጣ ሞተር ፈትተው አጎንብሰዋል፤ ባለሞተሩ ገበሬ ሽንኩርቱ ሊደርቅበት ነውና ቆሞ ይጠብቃል። የምሥራቹን በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም። ለገበሬው «ነገ ጠዋት ይደርስልሃል» አሉት። ደረሰለትም።